የቆመ ማሽን ሁሉ የቆመ አይደለም

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሥራ አመራር ኮሚቴው ስም የተደረገ ንግግር)



በየዓመቱ በዚህ ጉባኤ ላይ የምናሰማችሁ ነገር የታወቀ ነው። ስንት ሰው ቀበርን፣ ስንት ወንበር ተሰበረ፣ ድንኳኑ የት ላይ ተቀደደ፣ ማን መዋጮ አጓደለ፤ ይኸው ነው። ዘንድሮ ግን የዕድሩ ዳኛ ከሪፖርቱ በፊት ጥቂት ቃል እንድናሰማ ስለ ፈቀዱልን፣ ስለ ሞት ሳይሆን ስለ እጅ እንነጋገራለን። ስለ ሰው እጅ ማለታችን ነው። አንዳንዶቻችሁ «ዕድርን ከእጅ ጋር ምን አገናኘው?» እንደምትሉ እናውቃለን፤ እስክንጨርስ ታገሡን።

ነገሩ ከቤታችን የመጣ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የአንዲት አባላችን ልጅ፣ ከቱላ ርቃ በምትሠራበት አንድ የፕላስቲክ መፍጫ ድርጅት ውስጥ ቀኝ እጇን ማሽን ቆረጠው። የድርጅቱን ስም አንጠራም፤ የልጅቱንም ስም አንጠራም፤ የሚያውቃት ያውቃታል፣ ይበቃል። ወሬው ሲደርሰን እንደ ልማዳችን ተጠራርተን ሆስፒታል ሄድን፤ «እግዜር ይማርሽ» አልን፤ እናቷን አጽናናን፤ ተመለስን። ጥሩምባ ነፊያችን እንኳ «ይለፈፍ ወይስ አይለፈፍ?» ብሎ ጠይቆን መልስ አጥተን ቆምን። መተዳደሪያ ደንባችን ለሞተ እንጂ ለቆሰለ አንድም መስመር የለውማ!

ለማያውቅ ሰው ሥራው ምን ዓይነት እንደሆነ እንግለጽ። ውሃውን ጠጥተን የምንጥለው፣ ልጆች «ሃይላንድ» የሚሉት የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ በየመንደሩ «ቆራሌው!» እያለ በሚዞረው ሰውና በየመንገዱ በሚለቅሙ ልጆች ተሰብስቦ፣ በማዳበሪያ ታጭቆ በመኪና ይጫናል። ድርጅቱ ሲደርስ ክዳኑ፣ የተለጠፈበት ወረቀት፣ አብሮት የተቀላቀለው ሌላ ፕላስቲክና ቆሻሻ ሁሉ መለየት አለበት። ለዚህም ኮንቬየር በሚባል ተንቀሳቃሽ የላስቲክ ቀበቶ ላይ ይፈስሳል። ቀበቶው በሁለቱ ጫፍ ባሉ ከበሮ መሰል ብረቶች ላይ ተወጥሮ ይዞራል፤ በግራና በቀኝ የቆሙት ለቃሚዎች የማይፈለገውን እየመረጡ ያወጣሉ። የቀረው ይታጠብና በመፍጫ እንደ ቅንጬ ተከክቶ፣ ለክርና ለልዩ ልዩ ዕቃ መሥሪያ ይሸጣል።

ሥራው በራሱ የሚነቀፍ አይደለም፤ እንዲያውም የሚመሰገን ነው። ክረምት ሲገባ ጎርፍ ከከተማው ጠራርጎ የሚያወርደው ፌስታልና ጠርሙስ መጨረሻው የት እንደሆነ የሐዋሳን ሐይቅ ዳር የረገጠ ሁሉ ያየዋል። ያንን ለቅሞ እንጀራ የሚያደርግ ሰው ለሁላችንም ውለታ ዋለ። ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው ድርጅቶቹ ይዘጉ ለማለት አይደለም።

ቀበቶውስ ቢሆን ለእኛ አዲስ ነገር ነው ወይ? አይደለም። በድሮው ወፍጮ ቤት ሞተሩን ከመፍጫው ጋር የሚያያይዘውን፣ መካኒኮች ቺንጋ የሚሉትን ረጅም ቀበቶ ያላየ በመካከላችን የለም። እህል አሸክማ የገባችን ሴት ሁሉ ባለ ወፍጮው የሚጮኽባት አንድ ቃል ነበረ፤ «ነጠላሽን ሰብስቢ!» ይኼ ምክር ዛሬም አላረጀም። ልዩነቱ፣ የወፍጮው ቺንጋ በፍጥነቱና በጩኸቱ ሰውን ያስፈራ ነበረ፤ የኮንቬየሩ ቀበቶ ግን እያዘገመ የሚሄድ ስለሆነ ሰው ይለምደዋል፤ ይደገፈዋል፤ አንዳንዱም ምሳ ዕቃውን ያስቀምጥበታል።

አደጋው ያለው ቀበቶው መሐል ላይ አይደለም። ቀበቶው ሄዶ ሄዶ ከሚሽከረከረው ብረት ጋር የሚገናኝበት ጠባብ ቦታ አለ፤ እኛ የማሽኑ አፍ እንበለው። እዚያ የገባ ነገር፣ ጨርቅም ይሁን ጓንት፣ ጣትም ይሁን ፀጉር፣ ወደ ውስጥ ይሳባል እንጂ አይመለስም። ሰው «ጎትቼ አወጣዋለሁ» ቢል ግብግቡ ከሞተር ጋር ነው። እስቲ እናስላው። ቀበቶው በአንድ ሰከንድ ግማሽ ሜትር ብቻ ይሄዳል እንበል፤ ይህ ከሰው እርምጃ በእጅጉ ያነሰ ነው። ጣቷ የተያዘባት ልጅ ደንግጣ እጇን ለመሳብ ግማሽ ሰከንድ ቢፈጅባት፣ በዚያች ቅጽበት ቀበቶው 25 ሳንቲ ሜትር ሄዷል፤ ይኸውም አንድ ስንዝር አልፎ መሆኑ ነው። ማጥፊያው ወዲያ ግድግዳ ላይ ቢሆንና ጓደኛዋ ጩኸቱን ሰምታ፣ ሮጣ፣ እስክትጫነው 3 ሰከንድ ቢወስድባት ደግሞ ቀበቶው አንድ ሜትር ተኩል ተጉዟል። የሰው ክንድ ከትከሻ እስከ ጣት ጫፍ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም።

በሥርዓት በተሠራ ድርጅት የማሽኑ አፍ በብረት ወንፊት ይሸፈናል፤ ጣት የማያስገባ፣ በብሎን የታሰረ፣ በእጅ የማይነሳ። በቀበቶውም ጎን ከጫፍ እስከ ጫፍ ገመድ ይዘረጋል፤ የትም የቆመ ሰው ቢስበው፣ ወይም አዳልጦት ቢወድቅበት፣ ማሽኑ ይቆማል። ይህ ሁሉ ከሰማይ የሚወርድ ዕቃ አይደለም። ወንፊቱን ለማለት ያህል፣ እዚሁ ቱላ የብረት በርና መስኮት የሚበይዱት ልጆቻችን በአንድ ቀን ይሠሩታል።

ታዲያ ወንፊት የነበረውስ ቢሆን ለምን ይነሳል? በፌስታል ምክንያት ነው። እርጥብ ፌስታልና የማዳበሪያ ክር የሚሽከረከረው ብረት ላይ እንደ ድውር ይጠመጠማል፤ ሲበዛም ቀበቶው ወደ ጎን ይሸሻል ወይም ይያዛል። ያንን በቢላዋ እየቆረጡ ማላቀቅ የየዕለት ሥራ ነው። ወንፊቱን ፈትቶ፣ አጽድቶ፣ መልሶ ማሰር ጊዜ ይበላል፤ አለቃው ማታ የሚጠይቀው ደግሞ ኪሎ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አራቱ ብሎን ሁለት ይሆናል፤ ቀጥሎ ወንፊቱ ግድግዳ ላይ ይደገፋል፤ በመጨረሻም የት እንደ ገባ የሚያውቅ ይጠፋል። የእኛ ልጅ ስትቀጠር ወንፊት የሚባል ነገር አላየችም። ለማሰሪያ የተበሳውን ቀዳዳ ግን አይታለች፤ ምን እንደሆነ የነገራት አልነበረም።

የዚያን ዕለት ከቀትር በኋላ መብራት ሄደ። መብራት ሲሄድ የምንለውን ሁላችንም እናውቃለን፤ «በቃ፣ እስኪመጣ አረፍ እንበል» ነው። እዚያ ግን «መብራት እስኪመጣ አጽዱ» ተባሉ። ማሽኑ ዝም ብሏል፤ ቀበቶው ቆሟል፤ ሁለት ሴቶች ጎንበስ ብለው የተጠመጠመውን መቁረጥ ጀመሩ። ማጥፊያውን ማንም አልነካውም። ለምን ይነካል? መብራት የለማ! ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መብራቱ መጣ። ማሽኑ የቆመው ኃይል አጥቶ እንጂ ታዞ አልነበረምና፣ ኃይሉ ሲመለስለት ካቆመበት ቀጠለ። አንደኛዋ እጇን አውጥታ ነበር። የእኛይቱ አላወጣችም።

በመካከላችን የኤሌክትሪክ ሥራ የሚሠራ አባል አለ። ነገሩን እንዲያስረዳን ስንጠይቀው ከማስረዳቱ በፊት ተቆጣ። እንደ እሱ አነጋገር፣ ኮንታክተር በሚባለው ዕቃ በትክክል የተገጠመ ማሽን መብራት ሲሄድ ራሱን ይለቃል፤ መብራቱ ቢመለስም ሰው ሄዶ የማስነሻውን ቁልፍ ካልተጫነ አይነሳም። ተራ የሚገለበጥ ማብሪያ የተገጠመለት ግን እንደ በራ ይቆያል፤ ኃይሉ በደረሰው ቅጽበት ይነሳል። እንግዲህ ልጆቻችሁ ማሽን ባለበት ቤት የሚሠሩ ከሆነ፣ ዛሬ ማታ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቋቸው፤ «መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ በራሱ ይነሳል ወይ?» በሉ። መልሱ «አዎ» ከሆነ ነገሩ ለነገ የሚባል አይደለም። ይህ ደግሞ ለኮንቬየር ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ለእንጨት መሰንጠቂያውም፣ ለሊጥ ማቡኪያውም፣ ለብሎኬት ማምረቻውም ያው ነው። መብራት እንደ እኛ አገር ሄድ መጣ በሚልበት ሁሉ ይህ አደጋ አለ።

ከኮንታክተሩ ይልቅ የሚታመነው ግን ጓጉንቸር ነው። አትሳቁ! የዕድራችን ዕቃ ቤት በሁለት ጓጉንቸር እንደሚዘጋ ታውቃላችሁ፤ አንዱ ቁልፍ ከዳኛው ዘንድ፣ ሌላው ከንብረት ኃላፊው ዘንድ ነው፤ ሁለቱ ካልተገናኙ አንዲት ድስት አትወጣም። የማሽን ጥገናና ጽዳትም እንደዚሁ ነው መሆን ያለበት። እጁን የሚያስገባው ሰው ዋናውን ማጥፊያ ወደ ታች አድርጎ በራሱ ጓጉንቸር ይቆልፈዋል፤ ቁልፉን ኪሱ ይከታል። ሦስት ሰው የሚያጸዳ ከሆነ ሦስት ጓጉንቸር ይንጠለጠላል፤ የመጨረሻው ሰው የራሱን እስኪፈታ ድረስ አለቃም ቢመጣ፣ መብራትም ቢመጣ፣ ማሽኑ አይነሳም። ከቆለፉም በኋላ እጅ ከማስገባት በፊት የማስነሻውን ቁልፍ አንድ ጊዜ ተጭኖ አለመነሳቱን ማረጋገጥ ነው። በአሜሪካ አገር ይህ ሥርዓት በ1989 እ.ኤ.አ. በመንግሥት ደንብ ግዴታ ሆነ። ያም ሆኖ በሠለጠነው ዓለም ጭምር የቆሻሻና የመልሶ መጠቀም ሥራ ብዙ ሰው ከሚሞትባቸው የሥራ ዓይነቶች አንዱ ነው፤ እኛ ዘንድ ብቻ አይደለም። እዚያም ቢሆን ብዙ ጊዜ አደጋው የሚደርሰው በማጽዳትና የተያዘ ነገር በማላቀቅ ሰዓት ነው።

ስለ ልብስ አንድ ነገር እንጨምር፤ እናቶች ይህንን ለልጆቻችሁ ንገሩልን። ሻሽ ጫፉ ወደ ውስጥ ገብቶ ይታሰር፤ ነጠላና ያንገት ልብስ በር ላይ ይቀመጥ፤ አምባርና ቀለበት ይውለቅ፤ ረጅም ፀጉር ይሸፈን። የጓንት ነገር ግን ያስቸግራል። ለሚለቅም ሰው ጓንት የግድ ነው፤ በቆሻሻው ውስጥ የተሰበረ ጠርሙስ አለ፤ ከዚያም የከፋው፣ የተጣለ መርፌ አለ። ይሁንና የሚሽከረከር ብረት አጠገብ ሰፊ ጓንት ጣትን አስቀድሞ የሚያስይዝ እሱ ነው። ስለዚህ ጓንቱ በልክ ይሁን፤ ከሚሽከረከረው ብረት አጠገብ ደግሞ ጓንት የለበሰም ያልለበሰም እጅ አይቅረብ፤ ማሽኑ ካልተቆለፈ በቀር።

በ2009 ዓ.ም. መጋቢት 2 ቀን ማታ በአዲስ አበባ ረጲ፣ ቆሼ የሚባለው የቆሻሻ ተራራ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰው እንደ ሞተ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ፤ ከሟቾቹም ውስጥ ከዚያው ቆሻሻ እየለቀሙ የሚኖሩ ነበሩበት። አገር አዘነ፤ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ከዚያም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. እዚያው ረጲ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ፋብሪካ ተመረቀ። እኛም ያኔ እዚህ ሆነን አልቅሰናል። ነገር ግን ከቆሻሻ የሚኖር ሰው የሚለቀስለት በጅምላ ሲሞት ብቻ ነው ወይ? አንድ እጅ በአንድ ቀን በአንድ ጓሮ ሲቆረጥ ማን ይሰማል? ጋዜጣ አይጽፈውም፤ ራዲዮ አያወራውም። ሕጉ አሠሪው በሥራ ላይ የደረሰን አደጋ እንዲመዘግብና ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ያልተመዘገበ እጅ ግን እንዳልተቆረጠ ይቆጠራል።

አሁን ወደ ራሳችን ጥፋት እንምጣ። ይህንን ለመናገር አፋችን ይከብዳል፤ ቢሆንም ሳንናገረው ብንቀር ሌላው ንግግራችን ሁሉ ከንቱ ነው።

ልጅቱ ከሆስፒታል በወጣች በሦስተኛው ሳምንት የድርጅቱ ሰዎች ሽማግሌ ይዘው መጡ። ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ በግ ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው ነው የመጡት። ቤተሰቡም ከእኛ ሦስት ሰው ሽማግሌ አድርጎ መረጠ። እኛ ምን አደረግን? «የአምላክ ቁጣ ነው፤ ሰው በሰው ላይ ያመጣው አይደለም፤ ክስ ምን ያደርጋል፣ ነገር ከማርዘም እርቅ ይሻላል» ብለን አባትየውን ለመንነው። ከአራት ወር ደመወዟ የማይበልጥ ገንዘብ ተቆጠረ። ወረቀት ተጻፈ፤ «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የሚል ነው፤ በቀኝ እጇ መፈረም ስለማትችል የግራ አውራ ጣቷን አተመች። ከታች በእማኝነት የተፈረመው የሦስታችን ስም ነው። ዛሬ በዚህ መድረክ ከቆምነው መካከልም አንዱ አለበት።

የአገራችን የሲዳማ ሽማግሌዎች ሸንጎ ሲቀመጡ አስቀድሞ የሚባል ነገር አለ፤ «አፊኒ» ይባላል። «ሰማችሁ ወይ?» እንደ ማለት ነው። ነገሩ ከሥሩ ሳይሰማ፣ ሐቁ፣ ሀላሌው፣ ሳይወጣ ስለ ካሣ አይወራም። እኛ ግን የቱላ ሽማግሌ ሆነን ሳለን «አፊኒ» አላልንም። ወንፊቱ የት ሄደ ብለን አልጠየቅንም። መብራት ሲመጣ ማሽኑ ለምን በራሱ ተነሣ ብለን አልጠየቅንም። አጽዱ ያለው ማን ነው ብለን አልጠየቅንም። ገንዘቡን ቆጠርን።

ሕጉ ምን ይል እንደነበረ ያወቅነው በኋላ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪውን ኃላፊ የሚያደርገው ጥፋት ባይኖርበትም ነው። ጥፋት ባይኖርበትም! ነጻ የሚወጣው ሠራተኛው ራሱን ሆን ብሎ ከጎዳ፣ ወይም በግልጽ የተነገረውን የደኅንነት መመሪያ ከጣሰ፣ ወይም ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ ከገባ ነው። ስለዚህ ልጆቻችሁ ሥራ ሲገቡ የሚያስፈርሟቸውን መመሪያ አንብበው ይፈርሙ፤ አንዳንዱ ወረቀት የሚጻፈው ለሠራተኛው ደኅንነት ሳይሆን ለዚያ ቀን ነው።

«እሷ እኮ የቀን ሠራተኛ ናት፤ ውል የላትም» የተባለው ነገርም ልክ አልነበረም። የሥራ ውል የግድ በጽሑፍ መሆን እንደሌለበት አዋጁ ራሱ ይላል፤ በጽሑፍ ያልተደረገ ከሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎ፣ ፈርሞ መስጠት አለበት፤ ሳይሰጥ ቢቀር መብቱ የሚቀርበት ሠራተኛው አይደለም። ሠራተኛው ታክሞ እስኪድን ወይም የጉዳቱ መጠን እስኪታወቅ ድረስ እስከ አንድ ዓመት ክፍያ አለው፤ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ቀጥሎ ያሉትን 3 ወራት ከመቶ 75 የማያንስ፣ የቀሩትን 6 ወራት ከመቶ 50 የማያንስ። የሕክምናው ወጪም በአሠሪው ነው። ጡረታም ኢንሹራንስም የሌለው ሠራተኛ ለዘለቄታው መሥራት እንዳይችል ሆኖ ሙሉ በሙሉ ከተጎዳ የ5 ዓመት ደመወዙን ያህል በአንድ ጊዜ ይከፈለዋል፤ ጉዳቱ በከፊል ከሆነ ሐኪሞች በመቶኛ በሚወስኑት መጠን ይሰላል።

ቁጥር ካላስቀመጥን ነገሩ አይገባንም። ለምሳሌ ያህል የወር ደመወዙ 3,000 ብር የሆነ ሠራተኛ እንውሰድ። የዓመቱ 36,000 ነው፤ የአምስት ዓመቱ 180,000 ይሆናል። ሐኪሞቹ ጉዳቱን ከመቶ 60 ነው ቢሉ 108,000 ብር ይደርሰዋል ማለት ነው። የዚሁ ሰው የአራት ወር ደመወዝ ግን 12,000 ብር ነው። እኛ በሽምግልና ያስታረቅነው እንዲህ ባለ ልዩነት ነው። እንዲህ ያለው ጥያቄ በአንድ ዓመት በይርጋ ይታገዳል። ልጅቱ ይህን ሁሉ የሰማችው ዓመቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ የሰማችውም ከእኛ አይደለም።

ለእኛ ለቀባሪዎቹ ደግሞ የሚያሳፍረን ሌላ አንድ ቃል በዚያው አዋጅ ውስጥ አለ። ሠራተኛ በሥራው ምክንያት ቢሞት አሠሪው ለቀብር ማስፈጸሚያ ከ2 ወር ደመወዝ ያላነሰ ይከፍላል ይላል። ዕድራችን በሥራ ላይ የሞተ ሰው ሲቀብር ይህንን አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም።

የዚህን ንግግር ረቂቅ በኮሚቴ ስናነበው ከመካከላችን የተቃወሙ ነበሩ፤ ሐሳባቸውን ሳንደብቅ እናቅርበው። «ዕድር ቀባሪ ነው እንጂ የሠራተኛ ማኅበር አይደለም። ዛሬ ለእጅ እንክፈል ካልን ነገ ለእግር፣ ከነገ ወዲያ ለወገብ ይጠየቃል፤ ሣጥኑ ባዶ ይቀራል» አሉ። ስለ ሣጥኑ የተናገሩት እውነት ነው፤ ገንዘብ ያዣችንም ይኸንኑ ይላሉ። ነገር ግን ዕድር ድሮም ደንቡን አስፍቶ ያውቃል። በየከተማው ያሉ ዕድሮች ኤች አይ ቪ ኤድስ ቤቱን ሁሉ በሚያፈርስበት ዘመን፣ ከመቅበር አልፈው በሽተኛ ጠይቀዋል፤ ወላጅ አልባ ልጆችን ደግፈዋል። ያኔም «ይህ የዕድር ሥራ አይደለም» ያለ ሰው ነበረ። ደግሞም ከሁሉ በላይ ዛሬ የምንጠይቀው ገንዘብ አይደለም፤ ብዙው አፍና እግር ነው።

ለጉባኤው ውሳኔ የምናቀርበው እንዲህ ነው። አንደኛ ነገር፣ ማንኛውም የዕድራችን አባል በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት ጉዳይ ሽማግሌም እማኝም ሆኖ እንዳይቀመጥ፤ መጀመሪያ ጉዳቱ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት መነገሩን፣ የሐኪሞችም ወረቀት መገኘቱን ሳያይ እንዳይፈርም። እርቅ የተከለከለ አይደለም፤ እርቅ ግን ከሒሳብ በኋላ ይሁን። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ኮሚቴው ሁለት ሰው መድቦ ከቤተሰቡ ጋር በየመሥሪያ ቤቱ አብሮ እንዲመላለስ፣ የመጓጓዣውን ዕድሩ እንዲችል እንጠይቃለን። በሥራ ላይ ለሞተ አባል ወይም የአባል ልጅ የቀብር ወጪው ከአሠሪው እንዲጠየቅ፣ ጸሐፊው ደብዳቤውን በዚያው ሳምንት እንዲጽፍ ይወሰንልን። አካል ላጣ ሰው ከሣጥናችን ይሰጥ ወይስ አይሰጥ የሚለውን ግን እኛ ሐሳብ አናቀርብም፤ እናንተ ተነጋገሩበት። እኛ በዚህ ጉዳይ ለመፍረድ እጃችን ንጹሕ አይደለም።

ልጆቻችን በብዛት ወደ ፋብሪካ እየሄዱ ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ቡናና እንሰት ብቻ ይታወቅበት የነበረው ቤት ሁሉ ቢያንስ አንድ ልጅ ፈረቃ ሠርታለች፤ ሌላው ወደ አዲስ አበባ፣ ሌላው ወደ ሞጆ ወጥቷል። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቀጠር እንደሌለበት፣ 18 ያልሞላውም ለአደገኛ ሥራ እንደማይሰማራ ሕጉ ይናገራል፤ ዕድሜ ጨምረን የምንልክ ወላጆች አለንና ይህንን እየተሸማቀቅን ነው የምናነሣው። ሠራተኛ የሆነ ደግሞ አደጋውን አሳውቆ አሠሪው እያወቀ ካላስተካከለ፣ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ሥራውን ትቶ የመውጣት መብት አለው። «ፈሪ ነው» የሚባል ልጅ ወደ ቤት ቢመለስ አትሳቁበት፤ ወንፊቱ የት እንዳለ ጠይቁት።

ጸሐፊያችን በድንኳኑ መግቢያ ካለው ጠረጴዛ ላይ አዲስ ደብተር ይዘው ተቀምጠዋል። በውስጡ የሚሞላው አምስት ነገር ነው፤ የሠራተኛው ስም፣ የድርጅቱ ስምና ቦታ፣ የተቀጠረበት ቀን፣ የወር ደመወዙ፣ ከእሱ ጋር የሚሠራ የአንድ ጓደኛው ስልክ። ደመወዙን አታሳንሱ፤ መዋጮ አይጨመርባችሁም፤ ካሣ የሚሰላው በእሱ ስለሆነ ነው። የመጀመሪያውን መስመር ያቺው ልጅ መጥታ በግራ እጇ ሞልታዋለች። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ወረፋ ይዛችሁ አስመዝግቡ፤ ማንበብ የማይሆንላችሁ ጸሐፊው ይጽፉላችኋል። ከዚህ ቀጥሎ ገንዘብ ያዣችን የዓመቱን ሒሳብ ያሰማሉ።